እንቁላሉ ከተበላ በኋላ፦ የቅርፊት ጌጥ እንዴት ይሠራል?

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ሐረር የሚወስደው መንገድ ከሚኤሶ ቆላ ወጥቶ በጭሮ ያልፋል። በመንገዱ ዳር ያሉት ቁርስ ቤቶች ሹፌርና ተሳፋሪ ሲያስተናግዱ መጥበሻው አያርፍም፤ እንቁላል ፍርፍር፣ እንቁላል ስልስ፣ ፉል በእንቁላል። ረፋድ ላይ ከወጥ ቤቱ በር ሥር ያለው ባልዲ በቅርፊት ሞልቶ ይገኛል፤ ማታ ከቆሻሻው ጋር ይደፋል። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚያ ባልዲ ነው።

የቅርፊት ጌጥ የሞከረ ሰው ብዙ ጊዜ ተስፋ የሚቆርጠው እንቁላሉ እጁ ላይ ሲሰነጠቅበት ነው። እጁን ይወቅሳል እንጂ ጥፋቱ የእጁ አይደለም፤ ከቀለምና ከብሩሽ ስለጀመረ ነው። መጀመር ያለበት ከቅርፊቱ ነበር። ቅርፊቱ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይወድ የገባው ሰው መሣሪያ እንኳ ባይኖረው ከመርፌና ከጧፍ ሥራ ያወጣል።

የዶሮ እንቁላል ቅርፊት 95 በመቶ ገደማው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ በማዕድን ስሙ ካልሳይት። ይህ ማዕድን ለምዕራብ ሐረርጌ ሰው እንግዳ አይደለም። ከጭሮ ተነስተው በበዴሳና በገለምሶ አድርገው ወደ ዳሮ ለቡ ሲወርዱ፣ መቻራ አካባቢ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የተቦረቦሩ ዋሻዎች አሉ። ከጣሪያቸው የሚንጠባጠበው ውኃ ወለሉ ላይ የድንጋይ ዓምድ ያቆማል። የጂኦሎጂ ተመራማሪው አስፋወሰን አስራትና የውጭ ባልደረቦቻቸው እነዚህን ዓምዶች ሽፋን በሽፋን እያነበቡ የአካባቢውን የጥንት ዝናብ ታሪክ አጥንተዋል። ዓምዱም ካልሳይት፣ ቅርፊቱም ካልሳይት። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው፤ ዋሻው አንዲት ሚሊ ሜትር ለመጨመር ዓመታት ሲፈጅበት ዶሮዋ ሙሉ ቅርፊቷን በ20 ሰዓት ገደማ ገንብታ ትጨርሳለች።

አብዛኛውን የምትሠራውም ሌሊት ቆጥ ላይ ሆና ነው። በዚያ ሰዓት ምንም አትለቅምምና ከሚያስፈልጋት ሁለት ግራም ያህል ካልሲየም ከፊሉን ከገዛ አጥንቷ ትበደራለች። ቀን ጠጠርና ኖራ ነክ ነገር ለቅማ ካልመለሰችው፣ ወይም ዕድሜዋ ከገፋ፣ ቅርፊቱ እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ለጌጥ የሚሆን እንቁላል ሲመርጡ መጠኑን ብቻ አይዩ። ጨለማ ቦታ የስልክዎን መብራት ከእንቁላሉ ሥር ያብሩበት፤ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ካለው እንደ ክር አብርቶ ይታያል። ያ እንቁላል ለቁርስ ይሁን።

ገበያ ላይ እንቁላል «የሐበሻ» እና «የፈረንጅ» ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ለሚበላው ሰው ክርክሩ የጣዕም ነው፤ ለጌጥ ሠሪው ግን የቀለም ነው። የሐበሻዋ ዶሮ እንቁላል አነስ ያለ፣ 40 ግራም አካባቢ፣ መልኩም ብዙውን ጊዜ ነጣ ያለ ወይም ቀለል ያለ ክሬም ነው። ቀለም ለመንከር የሚሻለው እሱ ነው። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉት የእርባታ ዶሮዎች የሚጥሉት ደግሞ ቡናማ ነው። ቡናማነቱ ግን እስከ ውስጥ አይዘልቅም። ዶሮዋ ቀለሙን የምትቀባው ቅርፊቱ ሊጠናቀቅ ሲቃረብ ስለሆነ ከላይ ያለች ስስ ልባስ ናት፤ ከሥሯ ነጭ አለ። ይህቺን ነገር ያስታውሷት፣ ኋላ ላይ ትጠቅመናለች።

የቅርፊቱ ውፍረት ከሚሊ ሜትር ሲሶ ብዙም አይበልጥም። እንዲያም ሆኖ እንቁላልን በመዳፍ ጨብጦ ዙሪያውን እኩል ሲጫኑት በቀላሉ አይሰበርም። ቅስት ስለሆነ ነው፤ ጭነቱን በአንድ ቦታ አይቀበልም፣ ወደ ጎን ያከፋፍለዋል። የገጠር እናቶች እንቁላል በቅርጫት ሲያመጡ ጭድ ውስጥ የሚቀብሩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጭዱ ግፊቱን ከአንድ ነጥብ ወደ ብዙ ነጥብ ይበትነዋል። ቅስት የማይችለው ነጠላ ነጥብ ላይ የሚያርፍ ጉልበትን ነው። መጥበሻ ጠርዝ ላይ አንዴ ሲነካ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው፤ ሰው ሲበሳው የሚሰባበረውም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ሲበሱ አይውጉ፣ ያሽከርክሩ። በሚበሱበት ቦታ ላይ ትንሽ ፕላስተር ወይም ስኮች ይለጥፉ፤ ስንጥቁ ቢነሳ እንኳ እንዳይሮጥ ይይዘዋል። የመርፌውን ጫፍ አሳርፈው በሁለት ጣት ወዲያና ወዲህ ያዙሩት። ቅርፊቱ ማዕድን ስለሆነ እየተፋቀ ይበሳል። በሾጣጣው ጫፍ ጠባብ ቀዳዳ፣ በደብዳባው ጫፍ ደግሞ ክብሪት የምታሳልፍ ሰፋ ያለች ቀዳዳ ይበቃል። ሰፊዋ በደብዳባው በኩል የምትሆነው የአየር ክፍሉ እዚያ ስላለ ነው፤ የመጀመሪያው መብሳት ፈሳሹን አያገኘውም።

ከቅርፊቱ ሥር ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉ። የተቀቀለ እንቁላል ስንልጥ ከቅርፊቱ ጋር እየተጎተተ የሚያስቸግረን ነጭ ስስ ነገር እሱ ነው። ቀጭን ሽቦ ወይም ረጅም መርፌ አስገብተው ሽፋኑንም አስኳሉንም ይቅደዱ፤ አስኳሉ ሙሉ እንደሆነ በቀዳዳው አይወጣም። ከዚያ ከፋርማሲ በተገዛ ሲሪንጅ በጠባቧ ቀዳዳ አየር ይግፉ። ውስጡ ያለው ፈሳሽ አየሩን የሚያስተናግድበት ትርፍ ቦታ ስለሌለው በሰፊዋ ቀዳዳ ይወጣል። በአፍ መንፋት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልመክርም። ጥሬ እንቁላልና ቅርፊቱ ሳልሞኔላ ሊይዙ ይችላሉ፣ ሲሪንጅ ደግሞ ርካሽ ነው። የወጣው ወዲያውኑ መጥበሻ ላይ ይዋል፤ ጌጥ ተብሎ ምግብ መድፋት በእኛ አገር ነውር ነው፣ ነውርነቱም ትክክል ነው።

ባዶውን ቅርፊት በውኃ ያጥቡት፣ ጥቂት ጠብታ በረኪና ባለበት ውኃ ደግመው ያለቅልቁት፣ ሰፊዋን ቀዳዳ ወደ ታች አድርገው ያድርቁት። ይህን የዘለለ ሰው ከጊዜ በኋላ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ቤቱን ይሞላበታል፤ ጉንዳንም አይቀርም። የደረቀ ባዶ ቅርፊት ስድስት ግራም ቢመዝን ነው። ውስጡ የቀረው ሽፋን ደግሞ ሲደርቅ ይጠነክርና ቅርፊቱን ከውስጥ ደግፎ ይይዘዋል።

አሁን ወደ ቀለሙ። የኖራ ድንጋይ ጠላቱ አሲድ ነው፤ የቤታችን አሲድ አቼቶ ነው። አንድ ሙሉ እንቁላል በብርጭቆ አቼቶ ውስጥ ቢያስቀምጡ ወዲያው አረፋ ይለብሳል። አረፋው አሲዱ ካልሲየም ካርቦኔቱን ሲበላው የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አሳድረው በማግሥቱ ቢያዩት ቅርፊቱ የለም፤ በሽፋኑ ብቻ የተያዘ፣ ሲነኩት የሚለጠጥ እንቁላል ያገኛሉ። ልጆች ለሚማሩበት ቤት ከዚህ የበለጠ የኬሚስትሪ ትምህርት በወጥ ቤት አይገኝም።

ማቅለሚያ ውስጥ አቼቶ የሚጨመረው ግን ለማጥፋት ሳይሆን ለመቆንጠጥ ነው። በስኒ ማቅለሚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ያቺ መጠን የቅርፊቱን ገጽ በጥቂቱ ታሻክረዋለች፤ ከላዩ ያለው ስስ የፕሮቲን ልባስም ቀለሙን እንዲይዝ ታደርገዋለች። ከበዛ ቅርፊቱ አረፋ እያወጣ ይላጣል፣ ቀለሙም አብሮት ይሄዳል።

ማቅለሚያውን ለመግዛት መሄድ አያስፈልግም። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ለግማሽ ሰዓት ሲፈላ ከብርቱካናማ እስከ ጥቁር ቀይ ቡኒ የሚደርስ ቀለም ይሰጣል፤ ከወጥ ቤት ማቅለሚያዎች ሁሉ እኔ የምተማመነው በእሱ ነው። እርድ ደማቅ ቢጫ ነው፣ ፀሐይ ላይ ከዋለ ግን ቶሎ ይደበዝዛል። ቀይ ሥር ሲያዩት ያጓጓል፣ ቅርፊት ላይ ሲያርፍ ግን የገረጣ ሮዝ ከመሆን አያልፍም። ወፍራም ቡና ጥሩ ቡናማ ይሰጣል፤ በሐረርጌ ግን ቡና ለቅርፊት ማፍሰስን ደፍሮ የሚናገር ጌጥ ሠሪ ካለ ጎረቤት እንዳይሰማው ቢጠነቀቅ ይሻላል።

አንድ ተግባራዊ ችግር አለ፦ ባዶ ቅርፊት ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ማቅለሚያው ውስጥ ሲከቱት አንድ ጎኑ ብቻ ይነከራል። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች እንቁላሉን ጥሬውን ቀልመው ጨርሰው ነው ባዶ የሚያደርጉት። እንደዚያ ከሆነ ማቅለሚያው መቀዝቀዝ አለበት፤ በሙቁ ከተነከረ ውስጡ ይረጋና በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ነገር አይኖርም።

ቀለም መንከር ብቻውን አንድ ወጥ መልክ ነው የሚሰጠው። ሥዕል የሚገባው በሰም ነው። በዩክሬን «ፒሳንካ» የሚባለው የእንቁላል ጥበብ በዚህ ዘዴ ይሠራል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2024 በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። የፒሳንካ ሰም የንብ ሰም ነው። እኛም ጧፍ የምናበጅበት እሱ ስለሆነ ዕቃው ከእጃችን አልራቀም።

ጧፉን አብርተው የስፒል እራስ በቀለጠው ሰም ይንከሩ፤ ቅርፊቱ ላይ ጠብታ ወይም አጭር ሰረዝ ይጎትቱ። ሰሙ ያረፈበት ቦታ ቀለም አያስገባም። ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልጉትን መጀመሪያ በሰም ይሸፍኑ፣ በቢጫው ይንከሩ፤ ሲደርቅ ቢጫ ሆኖ የሚቀረውን ይሸፍኑ፣ በቀዩ ይንከሩ። ሁልጊዜ ከቀላሉ ወደ ጠቆረው ነው፤ ተገላቢጦሹ አይሠራም። ሲያበቁ እንቁላሉን ከነበልባሉ ጎን (በላዩ አይደለም፣ ያጠቁረዋል) እያሞቁ ለስላሳ ጨርቅ ይዘው ሰሙን ያብሱት። ከሥሩ የተኙት ቀለሞች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገለጣሉ። ለመጀመሪያ ሥራ የሙዳይና የሰፌድ ስፌት ጥለት ቢወስዱ ይቀላል፤ ዙሪያውን የሚዞር ሦስት ማዕዘን ለሉል የተፈጠረ ነው፣ ስፌት የሚሰፉ የሐረርጌ ሴቶችም ከማንም በላይ ያውቁበታል።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔ የምወደው ያለ ምንም ማቅለሚያ የሚሠራውን ነው። የፈረንጁን ቡናማ እንቁላል ያስታውሱ፤ ቀለሙ የላይ ልባስ ብቻ ነው ብለናል። ባዶ ካደረጉት ሁለቱንም ቀዳዳ በሰም ይድፈኑ። የሚፈልጉትን ጥለት በሰም ይሣሉ። እንቁላሉን አቼቶ ውስጥ እያገላበጡ ለጥቂት ደቂቃ ያቆዩ፣ አውጥተው በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብለው ይሹት፣ በውኃ ያለቅልቁት። ቡናማው ይለቃል፣ ነጩ ይወጣል፤ ሰም የተሣለበት ብቻ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ገና ካልነጣ ይድገሙት እንጂ ረጅም ጊዜ አይዘፍዝፉት፤ ካለው ውፍረት ላይ ነው እየተቀነሰ ያለው። ውጤቱ በጣት ሲዳሰስ ከፍና ዝቅ ያለ ሥዕል ነው። ቀለሙን የቀባችው ዶሮዋ ናት፣ የእርስዎ ድርሻ መቀነስ ብቻ ነው።

እንቁላል ላይ መሥመር መቅረጽን ግን ከዩክሬን እንድንማር የሚያስገድደን ነገር የለም። ከድሬዳዋ በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጎዳ ቡቲቻ የሚባል የኖራ ድንጋይ ዋሻ አለ። ተመራማሪው ዘላለም አሰፋና ባልደረቦቻቸው እዚያ በቆፈሩት የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን አፈር ውስጥ፣ መሥመር የተቀረጸበት የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ስባሪ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። ዕድሜው ከ30 ሺህ ዓመት በላይ ነው። ኖራው አሲድን ስለሚገታ ቅርፊት በእንዲህ ያለ ዋሻ አፈር ውስጥ ሳይሟሟ የመቆየት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ አቼቶው ውስጥ ያየነው ነገር ግልባጭ መሆኑ ነው።

በአፍሪካ ምሥራቅና ደቡብ በጥንት ዘመን የተስፋፋው ግን የሰጎን ቅርፊት ዶቃ ነው። ጄኒፈር ሚለርና ዪሚንግ ዋንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ31 ሥፍራዎች የተገኙ ከ1,500 በላይ ዶቃዎችን ለክተው፣ ከ50 ሺህ ዓመት በፊት በሁለቱ አካባቢዎች የዶቃው መልክ አንድ ዓይነት እንደነበር አሳይተዋል። አሠራሩ ብልሃት አለው። ስባሪው መጀመሪያ ይበሳል፣ ከዚያ ዙሪያው ይከረከማል፣ በመጨረሻ ብዙው አንድ ላይ በክር ተሰክቶ ድንጋይ ላይ ይሞረዳል። መብሳቱ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ስባሪው የሚሰበረው ሲበሳ ስለሆነ ነው፤ አስቀድሞ አሳምሮ ከርክሞ በኋላ ከመስበር መጀመሪያ መስበር ይሻላል።

የሰጎን ቅርፊት ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፣ እንቁላሉ ከሁለት ደርዘን የዶሮ እንቁላል ጋር ይተካከላል። በአብያተ ክርስቲያናት ጉልላት ላይ በመስቀሉ ጫፎች ተሰክቶ የምናየው ዝናብና ፀሐይ የሚችለው ለዚህ ነው። ትርጓሜውም የታወቀ ነው፤ ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ አታነሳም፣ እግዚአብሔርም ከሕዝቡ ዓይኑን አያነሳም ይባላል። በሜዳው ላይ ያለው ሥርዓት ደግሞ የራሱ ውበት አለው፦ ቀን አቧራ መሳይዋ እንስት ትታቀፋለች፣ ሌሊት ጥቁሩ ወንድ ይተካታል፣ ወደ ስድስት ሳምንት ገደማ። ነጭ እንቁላል በሜዳ ላይ ለአዳኝ ዓይን ግልጥ ነው። ተመራማሪዎች ግን እንቁላሉን ቡናማ ቀብተው ፀሐይ ላይ ሲያስቀምጡት ነጩ ከሚሞቀው በላይ ሞቆ አገኙት። ወላጆቹ ገና መታቀፍ ሳይጀምሩ ጎጆው ክፍት በሚሆንባቸው ቀናት ነጭነቱ ጥላ ይሆነዋል ማለት ነው።

ይህች ወፍ የጎረቤታችን ናት። ከአሰቦት ተራራ ግርጌ ጀምሮ በተዘረጋው የሃላይደጊ ሜዳ፣ አንገቱና ጭኑ ሰማያዊ ግራጫ የሆነው የሶማሌ ሰጎን ከሳላና ከሜዳ አህያ ጋር ይኖራል። ቁጥሩ እየተመናመነ ስለሆነ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ከተጋለጡት መድቦታል። በአገራችንም ሕጉ የዱር እንስሳትን ውጤት ያለ ፈቃድ መያዝና መሸጥ ይከለክላል። መንገድ ዳር የሰጎን እንቁላል ይዞ የቀረበዎት ሰው ካለ ዋጋ አይጠይቁት፤ መጠየቁ ራሱ ነገ ሌላ ጎጆ ያስበረብራል።

የሰጎን እንቁላል የሚያህል ነጭ ሉል ለሚያምረው ሰው ቅል አለለት። ክብ፣ በደንብ የደረቀ ቅል ገዝተው የላይ ቆዳውን በቢላ ይፋቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ያሻክሩት። ከቁርስ ቤቱ ባልዲ የወሰዱትን ቅርፊት በሳሙና ያጥቡ፣ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው የውስጡን ሽፋን እየላጡ ያውጡ። ሽፋኑ ከቀረ ኮላው የሚይዘው ሽፋኑን እንጂ ቅርፊቱን አይደለም፤ ሲደርቅ ተነቅሎ ይወድቃል። ነጩን የእንጨት ኮላ ቅሉ ላይ በትንሽ በትንሹ ይቀቡ፤ ጥፍር የሚያህል ስባሪ በወረንጦ አንስተው እብጠቱን ወደ ላይ አድርገው ያሳርፉት፣ በጣት ይጫኑት። እዚያው ይሰነጣጠቃል። አሁን ቅስቱ መሰበሩን እንፈልገዋለን፤ እያንዳንዱ ስባሪ በቅሉ ገጽ ላይ ተኝቶ ይለጠፋል። ክፍተቶቹን በስቴኪኒ ጫፍ ያስተካክሉ። የሐበሻውን ነጭና የፈረንጁን ቡናማ እየቀላቀሉ ጥለት ማውጣትም ይቻላል። አድሮ ሲደርቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ ስንጥቆቹ እንዲጎሉ ከፈለጉ ወፍራም ቡና በጨርቅ አሽተው፣ ሁለቴ ቫርኒሽ ይቀቡት።

ስንት ቅርፊት ይፈጃል? የሰጎን እንቁላል የሚያህል ቅል ገጹ ወደ 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ደህና የፈረንጅ እንቁላል ደግሞ 70 ገደማ አለው። ወደ ዘጠኝ ቅርፊት ነው፤ ከሚደቅቀውና ከሚባክነው ጋር አንድ ደርዘን ይያዙ። ለአንድ የፋሲካ ዶሮ ወጥ ከሚላጠው አይበልጥም።